ሁለቱ የእርዳታ መንገዶች፦ ከጭላሎና ከወላይታ የልማት ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በሐላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚያመራ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ ጥግ ይዞ ጥቂት እንደ ተጓዘ ቦዲቲ ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱን የከበበው የዳሞት ጋሌ ደጋ ሰውና ሰብል ተጠጋግተው የሚኖሩበት ምድር ነው። እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ፣ ጎደሬውና ስኳር ድንቹ ከእንሰቱ ቀጥሎ፣ በቆሎው ደግሞ ከዚያ አልፎ ይታያል። የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ አንድ ሔክታር አይሞላም። ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ወደ ወላይታ ደጋ ከሩቅ አገር የመነጨ ገንዘብ በልዩ ልዩ ስም መጥቷል፤ በልዩ ልዩ ምክንያትም ሄዷል። ትናንት ማዳበሪያ በብድር ያገኘ አባወራ ዛሬ ብድሩ ለምን እንደ ቀረ ቢጠይቅ፣ ሙሉው መልስ በቦዲቲ ወይም በሶዶ መሥሪያ ቤት አይገኝም። የመልሱ ከፊል ባሕር ማዶ በተደረገ ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ይኖራል።

አንድ ባለጸጋ መንግሥት ለውጭ እርዳታ የመደበውን ገንዘብ ራሱ በቀጥታ ይስጥ ወይስ በዓለም አቀፍ ድርጅት በኩል ያስተላልፍ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሰጪዎቹ አገሮች ምክር ቤቶች ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከተቀባዩ ወገን ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ መንገዶች በኢትዮጵያ፣ በተለይም በጭላሎና በወላይታ፣ እንዴት እንደ ተሠራባቸውና ምን እንዳተረፉ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ መንገዶች አመጣጥ

እርዳታ በሁለት መንግሥታት መካከል በተደረገ ውል ብቻ ሲሰጥ የሁለትዮሽ እርዳታ ይባላል። ብዙ መንግሥታት ገንዘባቸውን በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት አዋጥተው ድርጅቱ በራሱ ደንብ ሲያከፋፍለው ደግሞ የባለብዙ ወገን እርዳታ ይሆናል። የኋለኛው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ሲባል የኖረው የመዋጮን ጥቅም ለመግለጽ ነው።

ኢትዮጵያ ሁለቱንም መንገዶች ቀድመው ካወቁት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የመጀመሪያ የሆነውን ብድር የሰጠው በመስከረም 1950 ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ከዚሁ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮኑ ለልማት ባንክ የተመደበ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በሁለትዮሹ በኩል ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ«ፖይንት ፎር» ፕሮግራሙ አማካይነት ከ1952 ጀምሮ የጅማን የእርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ረድቷል፤ የኮሌጁን ሥራ የመራውም የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነበር። ስዊድን በበኩሏ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባለሙያዎቿን ስትልክ ቆይታ በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ እንዲከፈት አድርጋለች።

በዓለም መድረክ የባለብዙ ወገን መንገድ እየሰፋ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በዓለም ባንክ ሥር ለድሆች አገሮች የሚያበድረው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር በ1960 ተመሠረተ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1965 እንዲቋቋም ተወሰነ። በቀድሞው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በሌስተር ፒርሰን ሰብሳቢነት የተሠየመው ኮሚሽን በ1969 ባቀረበው ሪፖርት፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል የሚያልፈው እርዳታ በጊዜው ከነበረበት 10 በመቶ ገደማ በ1975 ቢያንስ ወደ 20 በመቶ ከፍ እንዲል መከረ። የኮሚሽኑ ምክንያት የሁለትዮሽ እርዳታ ከሰጪው የንግድና የፖለቲካ ጥቅም ጋር እየተቆራኘ መሄዱ ነበር። ምክሩ በተሰጠበት ወቅት ሁለቱ መንገዶች በኢትዮጵያ ገጠር ጎን ለጎን ሊፈተኑ ተዘጋጅተው ነበር።

ጭላሎ፦ የአንድ አገር እጅ

በ1967 በአርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ አውራጃ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱን አሰላ ላይ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቋመ። ድርጅቱ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የገበያ አገልግሎት፣ የከብት ዝርያ ማሻሻያና የገጠር መንገድ በአንድነት አጣምሮ ለገበሬው ያቀርብ ነበር። ከአንድ ሰጪ ጋር መሥራት የሚሰጠው ጥቅም በዚህ በግልጽ ታይቷል። ውሳኔ ፈጥኖ ይሰጣል፤ ባለሙያው በቦታው ይገኛል፤ ስሕተት ሲታይም ለማረም ውይይቱ የሁለት ወገን ብቻ ነው።

ነገር ግን የስንዴው ምርት ማደጉ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። መሬቱ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ ባለርስቶችና ባለሀብቶች ትራክተር እያስገቡ በራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነቀሉ። ለአነስተኛ ገበሬ የታሰበው እርዳታ አነስተኛውን ገበሬ የሚያፈናቅል ሆነ። የስዊድን መንግሥት የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ደጋግሞ ጠየቀ። የሕጉ ረቂቅ ግን ባለርስቶች በበረከቱበት ፓርላማ ተይዞ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የሁለትዮሽ ሰጪ ስለ ፍትሕ ደፍሮ ሊናገር መቻሉ ታይቷል። በሌላ በኩል የአገሪቱን የመሬት ሥርዓት ሊለውጥ የሚችል የውጭ ገንዘብ አለመኖሩ ተረጋግጧል። ሥርዓቱ የተለወጠው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲሆን፣ ይህም የአገር ውስጥ ትግል ውጤት ነበር።

ወላይታ፦ የብዙ አገሮች መዋጮ

የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ዋዱ እየተባለ የሚታወሰው፣ ከካዱ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1970 ሥራ ጀመረ። ዋና የገንዘብ ምንጩ ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር የሰጠው ብድር ነበር። በአሠራሩ ከካዱ ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም የገጠመው ችግር ሌላ ነበር። ጭላሎ ሰፊ የስንዴ ሜዳ ሲኖራት፣ የወላይታ ደጋ ግን ሕዝብ የበዛበትና መሬት የጠበበበት ነበር። ስለሆነም ድርጅቱ በደጋው የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሲያከፋፍል፣ በቆላው ደግሞ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኘው በአበላና በሌሎች ቦታዎች መሬት ያነሳቸውን የደጋ ቤተሰቦች የማስፈር ሥራ አካሂዷል። ከደጋ ወርዶ ከወባ ጋር መታገል ለሰፋሪው ቀላል አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ለጥጥና ለእህል የሚሆን አዲስ መሬት ተከፍቶለታል።

የባለብዙ ወገን መንገድ ጥቅም በዋዱ ታሪክ ይታያል። ገንዘቡ የአንድ አገር ባንዲራ አልነበረበትም፤ የማንኛውንም አገር ዕቃ ብቻ እንዲገዛም አያስገድድም ነበር። የብድሩ ውልም ቀላል ነበር። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ብድር ወለድ የማይታሰብበት፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ያለበት፣ የ10 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቶት በ50 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ነበር። ዳሩ ግን ብድር ምን ጊዜም ብድር ነው። ድርጅቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ሲያቆም ዕዳው አብሮት አልቆመም። እንዲህ ያሉ የቆዩ ብድሮች ቀሪ ዕዳ ከኢትዮጵያ ጫንቃ የወረደው በ2006 የዓለም ባንክ ከ2003 መጨረሻ በፊት የተሰጡ ብድሮችን በሰረዘበት ጊዜ ነው። በ1970 ማዳበሪያ የተቀበለው አባወራ የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ ዕዳው በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ኖሯል ማለት ነው።

የሁለቱም ድርጅቶች የጋራ ጉድለት የወጪያቸው ብዛት ነበር። በአንድ አውራጃ ላይ የፈሰሰውን ገንዘብና የሰው ኃይል በመላ አገሪቱ መድገም የማይቻል መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በ1971 በእርሻ ሚኒስቴር ሥር አነስተኛ የጥቅል ፕሮግራም የተባለው ተጀመረ። ዋና ዋናዎቹን አገልግሎቶች ብቻ መርጦ በብዙ አውራጃዎች ለማዳረስ የታቀደ ሲሆን፣ የስዊድን ስጦታና የዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር ብድር በአንድነት ደገፉት። በዚህም ጭላሎና ወላይታ ለየብቻ የሞከሯቸው ሁለት መንገዶች በአንድ ሚኒስቴር ጣሪያ ሥር ተገናኙ። በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፤ ሚዛኑ የተጠበቀው እቅዱ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት እጅ በገባ ጊዜ ነበርና።

አብዮቱና የገለልተኛነት ጥያቄ

ከ1974 ለውጥ በኋላ ሁለቱ መንገዶች በሌላ ፈተና ውስጥ አለፉ። ደርግ በ1975 ባንኮችን፣ ኢንሹራንስ ድርጅቶችን፣ ፋብሪካዎችንና መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ የውጭ ባለንብረቶች ካሣ ጥያቄ ተነሣ። የአሜሪካ መንግሥት ካሣ ላልከፈለ አገር የልማት እርዳታ እንዳይሰጥ የሚከለክለውን ሕጉን ጠቅሶ በ1979 እርዳታውን አቋረጠ። ይህ ከሁለትዮሽ መንገድ የሚጠበቅ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ገለልተኛ ነው ይባል የነበረው የዓለም ባንክም በዚሁ የካሣ ጉዳይ ምክንያት በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ ብድር ከመስጠት ለጊዜው ታቅቧል። ከባንኩ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት እነዚያው መንግሥታት ስለሆኑ፣ ድምፃቸውም በመዋጯቸው ልክ ስለሚመዘን፣ የብዙዎች መንገድ ከኃያላን ተጽዕኖ ነፃ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በአንጻሩ የስዊድን የሁለትዮሽ እርዳታ በዚያው ዘመን አልተቋረጠም። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት መገኘቱ መንገዶቹን የማቀላቀልን ጥቅም ያሳያል።

በትምህርት መስክ የታየው

የትምህርቱ መስክ ይህንኑ እውነት በሌላ በኩል ያስረዳል። በባሕር ዳር ከተማ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። በ1972 ደግሞ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የመምህራን አካዳሚ በዚያው ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው የሁለትዮሽ፣ ሁለተኛው የባለብዙ ወገን እርዳታ ልጅ ነበር። ሁለቱ ተቋማት በኋላ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን አስገኙ። የውጭ መምህራን ሲሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን ቦታውን ስለ ተረከቡ ተቋማቱ ከረዳቶቻቸው ዕድሜ በላይ ኖረዋል፤ ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፣ ያሠራችው ቤት ግን እስከ ዛሬ ይማሩበታል።

ተቃራኒው ምሳሌ ሴክተር ሪቪው ነው። ከ1971 እስከ 1972 በዓለም ባንክ ግፊትና በብዙ የውጭ ድርጅቶች ተሳትፎ የተካሄደው ይህ የትምህርት ጥናት ብዙ ጠቃሚ ሐሳቦች ነበሩበት። ይሁን እንጂ በዝግ የተመከረበት ጥናት በየካቲት 1974 ይፋ ሲሆን መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ወላጆችም ተቃወሙ፤ ጥናቱ ሳይሠራበት ቀረ። ሰፊው ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ብቻ እንዲገታ የሚያደርግ ሆኖ ታይቷልና። የሚሠራበት መምህርና የሚያስተምር ወላጅ ያልመከሩበት እቅድ፣ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ሥር አይሰድም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን የተለየ መንገድ ያዘ። እቅዱ የአገር ውስጥ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ተማሪዎችና መምህራን፣ የመማሪያ ቦታው የገበሬና የቀበሌ ማኅበራት አዳራሽ፣ ወጪውም በአብዛኛው ከሕዝብ የተዋጣ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከተሠራባቸው አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። የወላይታ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ፊደል መቁጠር በጀመረበት ወቅት የውጭ እርዳታ ደጋፊ እንጂ መሪ አልነበረም። ዘመቻው በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል።

ከረሐቡ ወዲህ

በ1984 እና በ1985 የደረሰው ረሐብ ወላይታንም አልማረም። በዚያን ጊዜ ለመንግሥት በቀጥታ መስጠት ያልፈለጉ ምዕራባውያን መንግሥታት እህሉን በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች እጅ ማስተላለፍን መረጡ። የእርዳታው መንገድ ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ሥራውን የሚያቀናጅ ልዩ ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ እስከ መክፈት የደረሰው መንገዶቹ በመብዛታቸው ነው። መንገድ ሲበዛ እህል ይደርሳል፤ አስተባባሪ ከሌለው ግን አንዱ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሲቀበል ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዝንባሌ መንገዶቹን ማጣመር ሆኗል። ከ2005 ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ምክንያት ሰጪ መንግሥታት ለፌዴራሉ በጀት በቀጥታ ይሰጡ የነበረውን ድጋፍ አቁመው፣ በ2006 በዓለም ባንክ አስተባባሪነት የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ገንዘቡ የየአገሮቹ፣ አስተዳደሩ የባንኩ፣ ወጪው ግን የወረዳዎች ሆነ፤ የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝም ከዚህ ይደገፍ ነበር። በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምና በ2009 ሥራ የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተመሳሳይ መልክ የብዙ ሰጪዎችን ገንዘብ በአንድ እቅድ ሰበሰቡ። ይህ አሠራር ለእያንዳንዱ ሰጪ የተለየ ሪፖርት፣ የተለየ ሒሳብና የተለየ ጽሕፈት ቤት የማዘጋጀትን ድካም ቀንሷል፤ የ2005 የፓሪስ መግለጫም የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ይሁን እንጂ የተጣመረው መንገድም የራሱ ስጋት አለው። ብዙ ምንጮች በአንድ ቧንቧ ሲያልፉ ቧንቧው ሲዘጋ ሁሉም ይቆማል። ብሪታንያ በ2015 ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ድጋፏን አንሥታለች። ለረጅም ዘመን ከኢትዮጵያ ታላላቅ የሁለትዮሽ ረዳቶች አንዷ የነበረችው አሜሪካም በጥር 2025 የውጭ እርዳታዋን አግዳ፣ የእርዳታ ድርጅቷን በሐምሌ 1 ቀን 2025 ዘግታለች። በዚሁ ዓመት ብሪታንያ ለውጭ እርዳታ የምታውለውን ገንዘብ በ2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ ዝቅ እንደምታደርግ አስታውቃለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የሚኖሩት በእነዚሁ መንግሥታት መዋጮ በመሆኑ፣ የሁለትዮሹ ምንጭ ሲደርቅ የባለብዙ ወገኑም አብሮ ይጎድላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ የሚያስረዳው አንዱን መንገድ መርጦ ሌላውን መጣል መፍትሔ አለመሆኑን ነው። የሁለትዮሽ እርዳታ ፈጣንና ቅርብ ነው፤ ግን የሰጪው መንግሥት ፊት ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የባለብዙ ወገን እርዳታ ሰፊና ከአንድ አገር ጥቅም የራቀ ነው፤ ግን ከኃያላኑ ድምፅ ነፃ አይደለም፣ በብድር መልክ ሲመጣም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕዳ ያወርሳል። ሚዛኑን ሊጠብቅ የሚችለው ከሁለቱም ውጭ የቆመ ሦስተኛ ነገር፣ ይኸውም የተቀባዩ አገር የራሱ እቅድ፣ የራሱ ባለሙያና የራሱ መዋጮ ነው። በአነስተኛ የጥቅል ፕሮግራሙ፣ በባሕር ዳሩ ተቋምና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተሳካው ይህ በነበረበት መጠን ሲሆን፣ በሴክተር ሪቪው የከሸፈው ደግሞ ይህ በመጉደሉ ነው።

ስለሆነም ለማንኛውም በውጭ ገንዘብ ለሚጀመር ሥራ፣ የትምህርትም ይሁን የእርሻ፣ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ይምጣ ከሚለው ጥያቄ ጋር ሌላ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፤ ይህም ገንዘቡ በሚቆምበት ቀን ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው የሚል ነው። ለመጽሐፉ ቀጣይ ኅትመት፣ ለመምህሩ ደመወዝና ለማዳበሪያው ብድር የአገር ውስጥ ድርሻ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተወስኖ በየዓመቱ ከፍ እያለ ካልሄደ፣ የመንገዱ ምርጫ የመቋረጫውን ቀን ከመለወጥ በቀር ሌላ ፋይዳ አይኖረውም።

በወላይታ ደጋ ዛሬም የዋዱን ስም የሚያነሡ አረጋውያን አሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ገንዘቡ ከስቶክሆልም ይምጣ ከዋሽንግተን ለይተው ላያውቁ ይችላሉ፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። የሚያስታውሱት በቆሎን በመስመር መዝራት መማራቸውን ነው። በሰው እጅ የገባ ዕውቀት ግን ሰጪው ሲሄድ አብሮ አይሄድም፤ ለቦዲቲ ገበሬም ሆነ ለልጁ መምህር ከሁለቱ መንገዶች የቀረው ሀብት ይኸው ነው።